ተጣርቶ ሲያልቅ አልሠራ ያለው ቅጠል

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ "የቅጠሉ ጭማቂ ባክቴሪያውን ይገድላል። ውህዶቹን ለይቼ አንድ በአንድ ስሞክራቸው ግን አንዱም አይሠራም። ልተወው?" ቶሎ መመለስ አቃተኝ። አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሁለታችንም ጀማሪዎች ነበርን። እሷ የያዘችው ቅጠል ገና ሳይጣራ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ፣ ጭማቂው ባረፈበት ዙሪያ ምንም አይበቅልም። ሳህኑን ይዛ ለሁላችንም ታሳየን ነበር። ደስታዋ አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ማጣራቱ መጣ። ማሟሟያውን በሙቀት ታተናለች፣ የቀረውን ውህዶችን በሚለያይ የሲሊካ ዱቄት ዓምድ ታሳልፋለች፣ የወጣውን በየጠርሙሱ ትለያለች። አንድ እርምጃ በሄደች ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ንጹህ፣ ነጭ ክሪስታል አገኘች። ባክቴሪያው ላይ ግን ምንም አላደረገም። አለቃችን "መጀመሪያም ውጤቱ ስህተት ነበር" ብለው ሥራውን ዘጉት። ጠርሙሶቹ ተደፉ። እሷም ብዙ ሳትቆይ ሙያውን ተወችው። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ስህተት መሆኑን ማንም አላረጋገጠም እኮ!

ሙቀቱ ይሆን? ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1971 የወባ መድኃኒት ስትፈልግ የገጠማት ይኸው ነበር። ውጤቷ አንዴ ጥሩ፣ አንዴ መጥፎ ይሆን ነበር። አንድ ጥንታዊ የቻይና ጽሑፍ ተክሉን ቀቅሉ ሳይሆን በውሃ ዘፍዝፋችሁ ጭመቁ ይላል። እሷም በዝቅተኛ ሙቀት፣ በ35 ዲግሪ ገደማ፣ በሚፈላው ኤተር በተባለ ማሟሟያ አወጣችው፤ ሠራ። ከተክሉ የወጣው መድኃኒት አርቴሚሲኒን ይባላል፤ በውስጡም እንደ ድልድይ እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች አሉ። የወባውን ተውሳክ የሚገድለው ይህ ድልድይ ከብረት ጋር ሲገናኝ ተሰብሮ ነው። አንዷን ኦክስጅን ብቻ አውጡና ሞክሩት፤ ኃይሉ የለም።

ወይስ ውህዶቹ የሚሠሩት አንድ ላይ ሆነው ይሆን? ቤርቤሪን የተባለው የተክል ውህድ ብቻውን ደካማ ነው፤ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ሽፋኑ ላይ ባለ ፓምፕ መልሶ ያስወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ግን እዚያው ቤርቤሪን ያለበት ተክል ውስጥ ፓምፑን የሚዘጋ ሌላ ውህድ እንዳለ አሳየ። ይህኛው ለብቻው ባክቴሪያ አይገድልም። ለይታችሁ ብትፈትኑት ትጥሉት ነበር። እርግጥ እኛ ያኔ ይህን አናውቅም ነበር። ቢሆንም ጠርሙሶቹን መልሶ ቀላቅሎ መሞከር ምን ያቅታል?

እናንተ ደግሞ ስትቸኩሉ አያለሁ። ሶፍትዌሩ ሞለኪውሉን ከፕሮቲኑ ጋር አገጣጥሞ ጥሩ ነጥብ ሲሰጣችሁ መድኃኒት ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ሳህን ላይ ሳትሞክሩ አትመኑት። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እኛ ወራት የፈጀንበትን የሞለኪውል መዋቅር ዛሬ በአንድ ከሰዓት ስትፈቱት እቀናለሁ።

ለተማሪዋ የነገርኳት ይህን ነው። ጭማቂውን እንደገና ያለ ሙቀት አውጪው። ክፍልፋዮቹን በነበሩበት መጠን መልሰሽ ቀላቅዪና ፈትኚ። ከዚያ አንድ በአንድ እየቀነስሽ የትኛው ሲጎድል ኃይሉ እንደሚጠፋ እዪ። ታኒን የተባለውን የተክል ውህድም አስቀድመሽ አስወግጂ፤ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ስለሚይዝ የሌለ ውጤት ያሳይሻል። ያ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልሠራ፣ ያኔ ተዪው።