ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ታዲያ ልጁ ለምን ይረሳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የእህቴን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። 9 ዓመቱ ነው። እህቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ትጠጣ ነበር። ልጁ ሲያዩት ደህና ነው፤ ፊቱም ላይ ምንም የለም። ግን ማታ የሸመደደውን የማባዛት ሠንጠረዥ ጠዋት ይረሳዋል። ሦስት ነገር ባዝዘው አንዱን ሠርቶ ይቆማል። ብቆጣው፣ ብቀጣው ለውጥ የለም። ያኔ የተጠጣው እስካሁን ሊከተለው ይችላል?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላል። እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ደም ውስጥ ይገባል። የፅንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው አንጎል ነው፤ ጉዳቱም ልጁ ሲያድግ አይጠፋም፣ አብሮት ይኖራል።

ፊቱ ብዙዎችን ያሳስታል። ስስ የላይኛ ከንፈር፣ በርዝመቱ አጠር ያለ የዓይን ክፍተት፣ ከአፍንጫ ሥር ያለው ቦይ መጥፋት የሚታዩት በአልኮል ከተጎዱት ልጆች በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ፊት የሚሠራው በእርግዝናው መጀመሪያ ሳምንታት ነው። አንጎል ግን እስከ መውለጃው ቀን ሲሠራ ይቆያል። ስለዚህ ፊቱ ሳይነካ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል።

እባክዎ ቅጣቱን ይተዉት። ልጁ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ይመስላል እንጂ ሦስቱን ትእዛዝ አንድ ላይ መያዝ አቅቶት ነው። "ጫማህን አውልቅ" ይበሉት። ሲጨርስ "እጅህን ታጠብ" ይበሉት። የጠዋቱን ሥራ በሥዕል አድርገው ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት። ሲረሳ ደግመው ያሳዩት፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ያደክማል፣ አውቃለሁ። ለመምህሩም ይንገሩ፤ "ሰነፍ" የሚለው ስም ከጉዳቱ እኩል ልጅ ይሰብራል።

ሲያድግ ገንዘብና ሰዓት መያዝ ሊቸግረው፣ በጓደኛ ግፊት በቀላሉ ሊነዳ ይችላል። የሚያድን መድኃኒት የለም። ነገር ግን ችግሩ በጊዜ የታወቀለትና በተረጋጋ ቤት ያደገ ልጅ በጣም የተሻለ ሕይወት ይኖረዋል።

እርግጥ የሚረሳ ልጅ ሁሉ በአልኮል ተጎድቷል ማለት አይደለም። የሕፃናት ሐኪም ይየው። መስማቱና ማየቱ፣ ልቡና ኩላሊቱም ይታዩ፤ አልኮል እነሱንም ይነካል።

እህትዎን አይውቀሷት። ማርገዟን ሳታውቅ የምትጠጣ ብዙ ናት። ዳግም ካረገዘች ግን ለፅንስ "ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም" የሚባል መጠን የለም፤ ቢራም የወይን ጠጅም ያው ነው። በየቀኑ የምትጠጣ ከሆነች በድንገት ማቆም ለራሷ አደገኛ ስለሆነ በሐኪም እርዳታ ታቁም።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ የመጠጡን ነገር አይሸሽጉ። በ9 ዓመት ልጅ ላይ ይህን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚያውቀው እርስዎ ሲነግሩት ነው።