ጥያቄና መልስ፦ በስለላ ፊልም ክፉው ሰው የማን አገር ሰው ነው?

በስለላ ፊልሞች ውስጥ ክፉው ሰው የየትኛው አገር ሰው እንደሚደረግና እሱን ማን እንደሚጫወተው ለመጡልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጄምስ ቦንድ ሲባል ትዝ የሚለኝ የሩሲያ ጠላት ነው። ለምን ሁልጊዜ ሩሲያ እንደሚሆን ቢያብራሩልን?

መጻሕፍቱንና ፊልሞቹን ለይተው ይዩዋቸው። የቦንድን መጻሕፍት በጻፈው በኢያን ፍሌሚንግ ቀደምት ልቦለዶች ዋናው ጠላት ስመርሽ የተባለ የሶቪየት ድርጅት ነው። ፊልሙ በ1962 በ«ዶክተር ኖ» ሲጀመር ግን ያ ቦታ ለስፔክተር ተሰጠ፤ ስፔክተር አገር የሌለው፣ ለገንዘብና ለሥልጣን የሚሠራ የወንጀለኞች ማኅበር ነው። በ1963 በወጣው «ፍሮም ራሺያ ዊዝ ላቭ» መጽሐፉ ላይ ሴራውን የሚጎነጉነው ስመርሽ ነበር፤ ፊልሙ ላይ ግን ስፔክተር ሁለቱን ወገኖች እያጋጨ መሃል ላይ ያተርፋል። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ጄኔራል ጎጎል የሚባል የኬጂቢ (የሶቪየት የስለላ ድርጅት) ሹም እየተመላለሰ ይታያል። ባለጋራ ነው፣ ነገር ግን ያስባል፣ ይደራደራል። በ1983ቱ «ኦክቶፐሲ» ኦርሎቭ የተባለ የሶቪየት ጄኔራል አውሮፓን ለመውረር ሲነሳ የሚቃወመው ራሱ ጎጎል ነው። እዚያ ፊልም ላይ እብደቱ የኦርሎቭ ነው፤ አገሩ ሁሉ አላበደም። ያ ልዩነት ትንሽ አይምሰልዎት፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ክፉው ቻይናዊ ወይም አፍጋናዊ ነው ይሉንና ተዋናዩ አውሮፓዊ ሆኖ እናገኘዋለን። ለምን?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዶክተር ኖ አባቱ ጀርመናዊ፣ እናቱ ቻይናዊት ነው ተባለ፤ የተጫወተው ግን ሞንትሪያል የተወለደው ጆሴፍ ዋይዝማን ነው፣ ዓይኑ በሜካፕ ተቀይሮ። ልማዱ ከእሱ በፊት የቆየ ነው። ፉ ማንቹ የተባለውን ዓለምን ሊገዛ የሚያሴር ቻይናዊ ስዊድን የተወለደው ዋርነር ኦላንድ፣ በ1932 እንግሊዛዊው ቦሪስ ካርሎፍ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ሌላው እንግሊዛዊ ክሪስቶፈር ሊ ተጫውተውታል። ከእስያ የተወለዱ ተዋንያን በዚያው ሆሊውድ ሥራ ፈላጊ ሆነው ሳለ ማለት ነው።

በ1964ቱ የቦንድ ፊልም «ጎልድፊንገር» ያለውን የሥራ ክፍፍል ተመልከቱ። አለቃው ጎልድፊንገር ያወራል፣ ያቅዳል፣ ይፎክራል። ባርኔጣ እየወረወረ የሚገድለው ሎሌው ኦድጆብ ኮሪያዊ ነው ተብሏል፤ አንድም ቃል በቅጡ አይናገርም። ተዋናዩ ሃሮልድ ሳካታ ሃዋይ የተወለደ፣ የዘር ሐረጉ ከጃፓን የሆነ አሜሪካዊ ነበር፤ በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ በክብደት ማንሳት ብር ያገኘ ሰው። ለአንዱ አንደበት፣ ለሌላው ጡንቻ ተሰጠ። ከአፍጋኒስታን የተሰደደውን የ«ኦክቶፐሲ» ልዑል ፈረንሳዊው ሉዊ ዡርዳን፣ በ1987ቱ «ዘ ሊቪንግ ዴይላይትስ» የሶቪየቱን ጄኔራል ደግሞ የኔዘርላንዱ ዬሩን ክራቤ ተጫወቱ። ለተመልካቹ «ባዕድ» መምሰሉ በቂ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ የአንዱ አገር ሰው በሌላው ይተካል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የሕዝቡ ስም ለክፋት ተፈልጎ የሕዝቡ ልጅ ግን ለሥራው አልተፈለገም።

ጥያቄ፦ የባዕድ አነጋገሩስ የተዋንያኑ የራሳቸው ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። የጎልድፊንገር ተዋናይ ጀርመናዊው ጌርት ፍሮቤ እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር የሚሰማው በአብዛኛው የእንግሊዛዊው ማይክል ኮሊንስ ድምፅ ነው። በ1965ቱ «ተንደርቦል» ጣሊያናዊው አዶልፎ ቼሊም በሌላ ሰው ድምፅ ተተክቷል። ፊቱና ድምፁ ለየብቻ ተመርጠው ተገጣጠሙ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመናውያን ተዋንያን ናዚ ሆነው ሲጫወቱ አያሳፍራቸውም ነበር?

ኮንራድ ፋይትን ላንሳ። ሚስቱ አይሁዳዊት ነበረች፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ጀርመንን ለቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሥራ በአብዛኛው የጀርመን ሰላይና መኮንን መሆን ነበር፤ በ1942ቱ «ካዛብላንካ» ሜጀር ስትራሰር እሱ ነው። በዚያ ፊልም ከናዚ የሸሹ ብዙ ስደተኞች ተጫውተዋል። የተሰደዱበትን ነገር ራሱን መልበስ ሆነባቸው።

የፍሮቤ ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በወጣትነቱ የናዚ ፓርቲ አባል እንደነበር ሲታወቅ እስራኤል ፊልሞቹን አገደች፤ ኋላ አንድ አይሁዳዊ በጦርነቱ ጊዜ እሱንና እናቱን የደበቃቸው ፍሮቤ እንደሆነ ሲመሰክር እገዳው ተነሳ። አንድን ሰው በፓስፖርቱ ብቻ ለመለካት ለሚቸኩል ይህ ታሪክ ይነገረው።

ጥያቄ፦ ሽብር በእውነት አለ። ታዲያ አረብ አሸባሪ ማሳየት ምኑ ላይ ነው ፍረጃ የሚሆነው? ይህ ነገር አይጋነንም ወይ ወንድሜ?

አይጋነንም። አንድ አረብ ክፉ ሆኖ መታየቱን ማንም አይቃወምም። ጃክ ሻሂን የተባሉት ሊባኖሳዊ የዘር ሐረግ ያላቸው አሜሪካዊ ምሁር ከ900 በላይ ፊልሞችን መርምረው በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሳዩት ነገር ሌላ ነው፤ አረቡ በአብዛኞቹ ውስጥ ወይ ነፍሰ ገዳይ፣ ወይ ሴት አሳዳጅ ሀብታም፣ ወይ ጅል ነው። ሐኪሙ፣ አስተማሪዋ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አባት የሉም።

ከእንግሊዞች ጋር አነጻጽረው። በ1995ቱ የቦንድ ፊልም «ጎልደንአይ» ከሃዲው የእንግሊዝ ሰላይ ራሱ ነው፣ ሾን ቢን የተጫወተው። ፊልሙን አይቶ «እንግሊዞች ከሃዲ ናቸው» ያለ ሰው አላውቅም፤ ምክንያቱም በዚያው ፊልም ጀግናውም፣ አለቃዋም፣ ጸሐፊዋም እንግሊዞች ናቸው። ክፉው ከብዙዎች አንዱ ነው። አረብ አሸባሪዎችን በሚያሳየው በ1994ቱ የአሜሪካ የስለላ ፊልም «ትሩ ላይስ» ላይ ግን የአሜሪካ አረቦች የተቃውሞ ሰልፍ ወጡ። በአሜሪካ መንግሥት ወገን ፈይሰል የሚባል ሰላይ መኖሩን አልክድም፤ ጥቂት ደቂቃ የሚታይ ረዳት ነው፣ ክፉዎቹ ግን ፊልሙን ሞልተውታል። መሪያቸውን የተጫወተውም ፓኪስታን የተወለደው አርት ማሊክ ነው፤ አረብ አይደለም።

ተዋንያኑም ዝም አላሉም። ከግብጻውያን ወላጆች የተወለደው ራሚ ማሌክ በቦንድ ፊልሙ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ክፉውን ከመቀበሉ በፊት ገጸ ባሕርዩ በሃይማኖት ወይም በርዕዮተ ዓለም የሚነሳ አሸባሪ ከሆነ እንደማይሠራው ለዳይሬክተሩ መናገሩን በ2019 ገልጿል።

ጥያቄ፦ አገሮችስ ተቃውመው ያውቃሉ? ተሰምተውስ?

ሜክሲኮ ሕዝቧን ሽፍታ አድርገው የሚያሳዩ ኩባንያዎችን ፊልም በ1922 አግዳ ሆሊውድን አስደንግጣለች። የ1930ው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብም የሌሎች አገሮች ታሪክና ሕዝብ በሚዛናዊነት ይቅረብ ይል ነበር። ደንቡን አጥብቆ የተጠቀመበት ግን ማን መሰላችሁ? በሎስ አንጀለስ የናዚ ጀርመን ቆንስል የነበረው ጌዮርግ ጊስሊንግ፣ ናዚን የሚነኩ ፊልሞችን ለማስቆም። ስለዚህ መንግሥት ሲቆጣ ሁሉ ሕዝቡ ተበደለ ብዬ አልቀበልም።

ዛሬ ከደንብ ይልቅ የሚሰማው ገበያ ነው። አሜሪካ በባዕድ ጦር ስትወረር የሚያሳየው የ«ሬድ ዶውን» ፊልም አዲሱ ቅጂ በ2009 ሲቀረጽ ወራሪዎቹ ቻይናውያን ነበሩ። የቻይናን ገበያ ላለማጣት ቀረጻው ካለቀ በኋላ ባንዲራውና ምልክቱ በኮምፒውተር ተቀይሮ በ2012 ሰሜን ኮሪያውያን ሆነው ወጡ። ተዋንያኑ አልተቀየሩም። ቲኬት የማትገዛ አገር ክፋቱን ተሸከመች። ቻይናዊና ኮሪያዊ ፊት አንድ ነው የሚለው ንቀት ደግሞ እንደነበረ ቀረ።

ጥያቄ፦ ሌሎችስ ያደርጉታል ወይስ የምዕራባውያን ብቻ ነው?

ሁሉም ያደርገዋል። በሶቪየት ፊልሞች ናዚውንና ምዕራባዊውን ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት የሊቱዌኒያ፣ የላትቪያና የኢስቶኒያ ተዋንያን ነበሩ፤ ለሞስኮ ተመልካች «አውሮፓዊ» ይመስሉ ነበርና። በ1973 በወጣው ታዋቂው የስለላ ተከታታይ ፊልም የጌስታፖውን (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) አለቃ የተጫወተው ሊዮኒድ ብሮኔቮይ ግን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነው። የቻይናው «ዎልፍ ዋሪየር 2» በ2017 ክፉውን አሜሪካዊ ቅጥረኛ አደረገው። በህንድ የስለላ ፊልሞች ጠላቱ ብዙ ጊዜ ከፓኪስታን ይመጣል፤ በ2023ቱ «ፓታን» ግን ዋናው ክፉ የህንድ የቀድሞ ሰላይ ሆነ፣ ከፓኪስታን ወገን ያለችው ሰላይ ደግሞ ከጀግናው ጎን ቆመች። ይህንን ወድጄዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለው ክፉስ?

ከአገር ፍረጃ ጋር ወንድማማች ነው። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2018 ክፋትን በፊት ጠባሳ የሚያሳዩ ፊልሞችን በገንዘብ እንደማይደግፍ አስታውቋል። ትክክል ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ የስለላ ፊልም ድርሰት እየጻፍኩ ነው። ታሪኬ ክፉውን የአንድ የታወቀ አገር ሰው እንዲሆን ያስገድደኛል። የሌለ አገር ልፍጠር ወይ? ምን ትመክረኛለህ? ሴት ነኝ፣ ገና ጀማሪ።

የሌለ አገር መፍጠር አያድንሽም እህቴ። በ1966 የጀመረው የቴሌቪዥኑ «ሚሽን ኢምፖሲብል» ብዙ ጊዜ ያደረገው ይህንን ነው፤ ማስታወቂያዎቹ ላይ የተፈጠረ ቋንቋ ይጻፋል፣ አነጋገሩና የደንብ ልብሱ ግን የምሥራቅ አውሮፓ እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ክፉውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ቢሊየነር ማድረግ ተለምዷል። ካመነሽበት ጥሩ፣ ሽሽት ከሆነ ግን ይታወቅብሻል።

አገሩን በስሙ ጥሪው። ከዚያ ከዚያው አገር ሌላ ሰው አምጪ፤ ለሁለት ደቂቃ ብቅ ብሎ የሚሞት ሳይሆን ክፉውን የሚሞግተው፣ ታሪኩን የሚያዞር። ክፉሽም የሚፈልገው ነገር ይኑረው፤ «ከዚያ አገር ስለሆነ» የሚለውን ስታወጪ ምክንያቱ ብን ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ገና አልጻፍሽውም። በራሱ ቋንቋ የሚናገርበት ቦታ ካለ ቋንቋው ትክክል ይሁን፤ የአገሩ ተዋናይ ፈልጊ፣ ድርሰቱንም ከቀረጻ በፊት አስነብቢው። «እኛ እንዲህ አንልም» ካለሽ መስመሩን ለማስተካከል ያን ጊዜ ገና አልረፈደም።