በታችኛው ከንፈር ላይ ሁለት ቀዳዳ፦ የኔ ልጅም ነበራት

እህቴ፣ የ5 ወር ልጄ ታችኛው ከንፈሯ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ምራቅ ይወጣባቸዋል፣ ጤና ጣቢያ ግን «ምንም አይደለም» አሉኝ ብለሻል። እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ። አምኜ ዝም አልኩ፤ ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

1ኛ. ሳትውዪ ሳታድሪ ላንቃዋን አስመርምሪ። ቀዳዳዎቹ ራሳቸው አይጎዷትም። ግን ብዙ ጊዜ ቫን ደር ዉድ ሲንድረም የሚባል በዘር የሚወርድ ችግር ምልክት ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከከንፈር ወይም ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር ይመጣል። የኔዋ ላንቃ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው፣ ስንጥቁ ከሥር ነበር። ሐኪም በጣቱ ካልዳሰሰው በቀላሉ አይገኝም። የሚዳስስላት ሰው ያገኘነው 3 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው! ስትጠባ ወተቱ በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር፣ ጎረቤታችን «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጫት» አሉኝ። እምቢ አልኩ፣ እንኳንም አልኩ። ለካ የእንጥሏ ጫፍ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ አንዱ ምልክት እሱ ነበር። ማንም እንዳይነካባት።

2ኛ. ሪፈር ሲጽፉልሽ ማህተሙን እዚያው ቆመሽ እዪ። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰልፌ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታ፣ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ማህተም የለውም» ብላ ወረቀቱን ወረወረችብኝ። ቀጠሮው 4 ወር ተገፋ። ልጄ ያኔ «ዳቦ» ማለት አቅቷት «ናሞ» ነበር የምትለው፣ አየሩ በአፍንጫዋ ስለሚያመልጥ። የሰፈር ልጆች «ናሞ! ናሞ!» እያሉ ይከተሏታል። የተሰነጠቀ ላንቃ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው የሚሰፋው፣ ያንቺዋ ገና አላለፋትም። ጆሮዋንም አሳዪ፣ ላንቃ ችግር ካለበት ውስጡ ፈሳሽ ይጠራቀማል።

3ኛ. ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ስማይል ትሬይን የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚደግፋቸው ሆስፒታሎች ጋ ጠይቂ፣ ቀዶ ሕክምናው በነፃ ነው። እኔ ሳላውቅ ሐብሌን ሸጬ የግል ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞሬአለሁ። አማቴ ደግሞ «በእርግዝናሽ ምን በልተሽ ነው?» ይሉኝ ነበር። በኋላ ሐኪሟ የባለቤቴን ከንፈር አየችና አንዲት ጉድጓድ አሳየችኝ። 9 ዓመት አብሬው ስኖር አላየኋትም! ከእሱ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ምግቤ የጠየቀኝ የለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ንግግር አለማመድኳት። አሁን 6 ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ብቻዋን ሱቅ ሄዳ «አራት ዳቦ» ብላ ገዝታ መጣች።