ብሩሽ ሲያይ የሚደበቅ ውሻ

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ 2 ዓመት የሞላው የግቢ ውሻ አለን። የአፉ ሽታ አስቸገረንና በእኛው የጥርስ ሳሙና ሁለት ጊዜ ልናጥበው ሞከርን። አንዱ ይዞት ሌላው አፉን ሲከፍት አጉረመረመ። አሁን ብሩሹን ገና ሲያይ ከቤት ጀርባ ይገባል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ብሩሹን የጠላው በጉልበት ስለተያዘ ነው። አፉንም መክፈት አያስፈልግም ነበር። ቆሻሻው የሚበዛው በጉንጭ በኩል ባለው የጥርስ ፊት ስለሆነ ከንፈሩን ገለጥ ማድረግ ይበቃል፤ የውስጡን ምላሱ ያግዛል። ከላይ በስተኋላ ያለውን ትልቁን ጥርስ ይመልከቱ፤ የምራቅ ቧንቧ እዚያው አጠገብ ስለሚከፈት ቡናማው ቅርፊት ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው።

የሰው የጥርስ ሳሙና ይቅር። ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ካለበት የደሙን ስኳር በፍጥነት ጥሎ ሊገድለው ይችላል። ለውሻ የተሠራ ሳሙና ካላገኙ ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ ዋናው ፍትጊያው ነው። መፋቂያም አይሆንም፤ ይነክሰውና ስንጥሩ ድዱ ውስጥ ይቀራል።

ከመጀመርዎ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ ያረጋግጡ። ከከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች ሌሊት ከሚዞሩ ውሾች ጋር ጨርሶ የማይገናኝ የግቢ ውሻ ጥቂት ነው። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ አፍ ውስጥ እጅዎን አያስገቡ። ጥርሱ ከቧጨረዎ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ይጠቡና ዕለቱን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

አሁን እንደ አዲስ ይጀምሩ። ያንን ብሩሽ ይጣሉት። ማታ ተፈትቶ ከሮጠ በኋላ፣ እራቱን ሳይበላ፣ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ከላዩ አያጎንብስበት። ጉንጩን ዳብሰው ከንፈሩን ለ2 ሰከንድ ይግለጡ፣ ወዲያው የተቀቀለ ሥጋ ቁራሽ ይስጡት። በአንድ ምሽት ከ5 ጊዜ አይበልጥ። ራሱ ጉንጩን ማቅረብ ሲጀምር ጣትዎ ላይ ጎዝ ጠቅልለው መረቅ ውስጥ ይንከሩና ክራንቻውን ብቻ ያብሱ። መረቁ ከወጥ የተረፈ አይሁን፤ ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ ውሻን ይመርዛል። በጾም ቤት ውስጥ መረቅ ከሌለ ውኃ ይጠቀሙ፣ ጉርሻው ግን አይቅር፤ የተቀቀለ ድንች ወይም ካሮትም ይሆናል።

ከክራንቻው ወደ ኋላ በየቀኑ አንድ ሁለት ጥርስ እየጨመሩ ይሂዱ። ይህን ከለመደ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ያምጡና መጀመሪያ መረቁን ከላዩ ያስልሱት። ከዚያ የብሩሹን ጠጉር ወደ ድዱ ጠርዝ በ45 ዲግሪ አዘንብለው ትንንሽ ክብ እየሠሩ በአንድ በኩል 30 ሰከንድ ያህል ይቦርሹ። ፊቱን ካዞረ፣ አፍንጫውን ደጋግሞ ከላሰ ወይም ሰውነቱን ካገተረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሲያጉረመርም አይቆጡት፤ ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። አጀማመሩ ስለተበላሸ ከአንድ ወር በላይ ቢወስድ አይግረምዎ።

ከለመደ በኋላ በየቀኑ፣ ካልሆነም ቢያንስ በ2 ቀን አንዴ ይቦርሹት። ለስላሳው ቆሻሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደነድናል፤ የደነደነውን ደግሞ ብሩሽ አያነሳውም። በቢላ የሚፍቁ አሉ፤ ጥርሱን ይጎዱታል። ያ በማደንዘዣ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ድዱ ቀልቶ ከደማ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ካኘከ ከብሩሹ በፊት ሐኪም ይየው። ቅልጥም ጥርስ ያጸዳል ይባላል፤ ያንን ትልቅ የላይ ጥርስ የሚሰነጥቀው ግን እሱው ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የ5 ወር ቡችላችን ጥርሱ እየረገፈ ነው። መቦረሹን እንተው?

መልስ፦ የወተት ጥርሱ ነው። 28ቱ ወድቀው በ7 ወር ገደማ 42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ ስለሚያመው እስከዚያ ብሩሹን ይተዉት፤ ከንፈር መግለጡን ግን በየቀኑ ይቀጥሉ። አዲሱ ክራንቻ ወጥቶ አሮጌው አጠገቡ ተገትሮ ከቀረ ለሐኪም ያሳዩት።