ልጄ ኦ፣ እኔ ኤቢ፦ ስለ ደም ዓይነት የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

የእኔም የባለቤቴም የደም ዓይነት ፖዘቲቭ (አርኤች ፖዘቲቭ) ነው፣ የልጃችን ግን ኔጌቲቭ ሆነ። እንዴት?
ይሆናል። ሁለታችሁም አንድ አንድ የተደበቀ ኔጌቲቭ ይዛችኋል ማለት ነው፤ ከአራት ልጅ አንዱ እንዲህ የመውጣት ዕድል አለው። በሰላም ኑሩ።

የአዳማው አባት
እኚህ አባት ደማቸው ኤቢ፣ የሚስታቸው ኦ ነው። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ለትምህርት ቤት ሲመረመር ኦ ሆኖ ተገኘ። እህታቸው «ይሄ ልጅ ያንተ አይደለም» ካሏቸው ወዲህ ከሚስታቸው ጋር አይነጋገሩም።

ሕጉን ልንገርዎት። ልጅ የደም ዓይነቱን የሚወስን አንድ ዘረ-መል ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ ይወርሳል። ኤቢ የሆነ አባት ወይ ኤ ወይ ቢ ይሰጣል፤ ኦ የሆነች እናት ኦ ብቻ ትሰጣለች፤ ኦ ደግሞ ከኤ ወይም ከቢ ጋር ሲሆን ይደበቃል። ስለዚህ ልጁ ኤ ወይም ቢ መሆን ነበረበት። እህትዎ እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው፤ ፍርዱን ግን ቸኮሉበት። እርስዎ ኤቢ መሆንዎን ያወቁት መቼ ነው? በየት ካርድ? ናሙና ይቀያየራል፣ ጸሐፊ ይሳሳታል። መጀመሪያ ሦስታችሁም አንድ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ እንደ አዲስ ተመርመሩ። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ኤና ቢ አንድ ላይ ተጣብቀው የሚወረሱበት ቤተሰብ አለ፤ እንዲህ ያለ ኤቢ አባት ኦ ልጅ ሊወልድ ይችላል። ቁርጡን የሚናገረው ዲኤንኤ ነው።

የደም ዓይነት «አይደለም» ሊል ይችላል እንጂ «ነው» አይልም። ቢገጥም ኖሮ ምን ያረጋግጥ ነበር? የሰፈሩ ወንድ ግማሹ ይገጥማል! ፍርድ ቤትም ሁልጊዜ አይሰማውም፤ የፊልም ተዋናዩ ቻርሊ ቻፕሊን በአባትነት ተከስሶ፣ እሱ ኦ፣ እናቲቱ ኤ፣ ሕፃኗ ቢ ሆና ሳለ፣ ማለትም ደሙ «አይደለም» እያለ፣ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በ1945 እ.ኤ.አ. «አባቷ አንተ ነህ» ብሎታል። በእኛ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባት ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል፤ መካድ የሚቻለው በፍርድ ቤት ነው፣ ለዚያውም በጊዜ ገደብ። ዲኤንኤ ከማሰብዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ይህን ለወጉ ያህል አልልም። ልጁ ፊት ግን አንዲት ቃል እንዳይወጣ፣ ከእህትዎም አፍ ጭምር።

ደም ተሰጥቶኝ ነበር፤ ልጄ ደም የሰጠኝን ሰው ይመስል ይሆን?
አይመስልም።

ለአሜሪካ ቪዛ የልጄን የደም ዓይነት ማስረጃ ላቅርብ?
አይጠቅምዎትም። ዝምድና ከተጠራጠሩ የሚጠይቁት ዲኤንኤ ነው፤ ያንንም ኤምባሲው ሳይጠይቅ፣ ባልተፈቀደ ላቦራቶሪ አሠርተው ገንዘብዎን አይጨርሱ። ሌላውን ጉዳይዎን የያዘውን ሰው ይጠይቁ።

እኔ ኦ ኔጌቲቭ፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «ደማችሁ አይስማማም፣ ጋብቻው አልተባረከም» ይሉኛል።
ጋብቻችሁን ይተዉት፤ ጉዳዩ ሕክምና ነው። ፅንሱ ፖዘቲቭ ከሆነና ደሙ ወደ እርስዎ ከገባ፣ ሰውነትዎ መከላከያ ሊሠራና የሚቀጥለውን ፖዘቲቭ ልጅ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ አለ፤ 28ኛው ሳምንት ላይ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወለዱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ከዚህ በፊት ውርጃ ገጥሞዎት ከሆነም ለሐኪም ይንገሩ። የደም ዓይነትዎን በእርግዝና ክትትል ካርድዎ ላይ በትልቁ ያስጽፉ። ቀጠሮ ቀን አይጠብቁ፤ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።