እህቴ፣ የግድግዳ ሰዓትሽን እንዳትነኪው

ጥያቄሽን አነበብኩት። የ6 ዓመት ልጅሽ ግድግዳው ላይ 2 ሰዓት፣ ስልክሽ ላይ 8 ሰዓት አይታ «ማሚ፣ እውነቱ የቱ ነው?» አለችሽ። አንቺም የግድግዳውን ከስልኩ ጋር ላስተካክለው ወይ ብለሻል። እባክሽ እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌው አይቻለሁ።

እኛም እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ ነን። ልጄ 7 ዓመቱ ላይ ትምህርት ቤቱ ሰዓትን በእንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ። እንዳይምታታበት ብዬ የሳሎኑን ሰዓት 6 ሰዓት ወደፊት አዞርኩት። ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ነበረኝ። ከቤት ስወጣ «አክስትህ በ9 ሰዓት መጥታ ሐይቅ ትወስድሃለች፣ ተዘጋጅተህ ጠብቃት» አልኩት። እሱም ሰዓቱን ሲጠብቅ ቆየ። አጭሩ ቆጣሪ 9 ላይ ሲደርስ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ወጣ። ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው እኮ! ሞግዚቷ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ልጄ እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ። ጎረቤታችን ናቸው አይተው ያስገቡት። ማታ ስመለስ «ሰዓቱ 9 ብሎ ነበር፣ እሷ ግን ቀረች» አለኝ። ልጁ በትክክል ነው ያነበበው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። «ከሰዓት በኋላ» የምትለውን ቃል ብጨምር እንኳ አይወጣም ነበር። አንቺም ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ሳትዪ ቁጥር ብቻ አትንገሪያት።

ሰዓቱን የዚያኑ ማታ መለስኩት። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርን።

1. መጀመሪያ የእኛን ሰዓት ብቻ። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ስለሚሄድ ለልጅ ይቀላል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ በ1 ሰዓት እንኳ አይበልጥም። ፀሐይ ሁሌም 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። ልጄን በማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስጄ ፀሐይዋ ስትወጣ አሳየሁት። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲጠጉ «አሁን 1 ሰዓት ሊሆን ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ 1 ሰዓት ለምን ጠዋት እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም።

2. የደቂቃ ቆጣሪውን ደብቂባት። አሮጌ ሰዓት ካለሽ ነቅለሽ አውጪው። እኛ ሰፌድ ላይ 12 ባቄላ ደርድረን በአንድ ስንጥር ብቻ ተጫወትን። «3ን አልፏል፣ 4 አልደረሰም» ማለት እስኪችል ሁለት ሳምንት ፈጀ። ረጅሙን ቆጣሪ ያመጣሁት በአምስት በአምስት እስከ 60 መቁጠር ከቻለ በኋላ ነው። ተኩል ወዲያው ገባው። «ሩብ ጉዳይ» ግን አስለቀሰን። ድፎ ዳቦ ለአራት ቆርጬ አንዱን ቁራሽ ሳነሳበት ነው «አሃ፣ ሩብ ጎደለው!» ያለው።

3. የፈረንጁን ሰዓት ማዶ ለማዶ አሳያት። መደመር መቀነስ አያስፈልግም። ክቡ ሰዓት ላይ 1 ከ7፣ 2 ከ8፣ 3 ከ9 ፊት ለፊት ናቸው። ጣቷን አጭሩ ቆጣሪ የሚያሳየው ቁጥር ላይ ታድርግ፣ መሃሉን አቋርጣ ማዶ ትድረስ። የስልኩ ሰዓት እሱ ነው። ደቂቃው አይነካም። ልጄ በአንድ ከሰዓት ያዘው። በጣም ኮራሁበት።

አንድ ነገር ግን ሳልነግረው ቀረሁ። የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ 3 ሰዓት የሚያሳይ የሰዓት ሥዕል መጣ። ልጄ ማዶውን አይቶ «ናይን» ብሎ ጻፈ። አምስት ሥዕል፣ አምስት ኤክስ። በእሱ ቤት እንግሊዝኛ ከሆነ ይገለበጣል። ከሥራ አስፈቅጄ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቆሙኝ። ኃላፊዋ ወረቀቱን እንኳ ሳታይ «ልጅዎን ቤት ያስጠኑ» ብላ ሸኘችኝ። ቤት ያጠናውን ነው እኮ የጻፈው! ነጥብ ፈልጌ አልነበረም የሄድኩት። መምህሯ ለክፍሉ «ሥዕሉን እንዳያችሁት አንብቡ» ብላ አንዴ እንድትነግራቸው ነበር የፈለግኩት። እንዲህ አስቦ ለተሳሳተ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ይገባዋል።

ስለዚህ ለልጅሽ ከአሁኑ ንገሪያት። ፈተና ላይ ሥዕል ከመጣ ያየችውን ታንብብ። የምትገለብጠው ከቤታችሁ ሰዓት ወደ ስልክ፣ ወይም ከስልክ ወደ ቤት ስትሄድ ብቻ ነው።

ደግሞ ፎቶ ላይ እንዳየሁት የሳሎንሽ ሰዓት የሮማውያን ቁጥር ነው። እሱን ወደ መኝታ ቤትሽ ውሰጂው። ለሳሎኑ 12ቱም ቁጥሮች ጎላ ብለው የተጻፉበት ሰዓት፣ እሷ ቆማ በምታይበት ቁመት ስቀዪላት።