ሽቦውን አትጣሉት፣ የታመመው ጠርዙ ነው

አንዲት የደሴ እህት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የሰፈር ልጆች ገንዘብ አዋጥተን መንገድ ዳር ‹እንኳን ደህና መጡ› የሚል ጌጠኛ ሰሌዳ አሠርተን ነበር። ጀርባው የተሸመነ ነጭ ሽቦ ነው፤ ፊደሎቹ ከላሜራ ተቆርጠው ሽቦው ላይ ታስረዋል። አንድ ክረምት ሳይሞላው ዙሪያውን ቡናማ ውሃ ያወርድ ጀመር። መሀሉ ቆዝሯል፣ ፊደሎቹ ዘመዋል፣ ማታ ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳል። ሌላ በያጅ ብናሳየው ሽቦው ርካሽ ነው፣ ይቀየር አለን።»

አብሽሪ እህቴ። ፎቶውን አየሁት። መሀሉ ንጹሕ ነው። ሽቦው ራሱ ርካሽ ቢሆን መሀሉም ይዝግ ነበር። የዛገው አራቱ ጠርዝ ነው፣ ያውም ስንዝር ስንዝር እየዘለለ። ይህ የብየዳ ነጥብ ነው። ጋልቫናይዝድ ሽቦውን በኤሌክትሮድ እየነካኩ ፍሬሙ ላይ ለጥፈው፣ በላዩ ብርማ ቀለም ለቅልቀውበታል። አንዱን ነጥብ በቢላ ፋቂው። ከቀለሙ ሥር የጠቆረ ቀለበት ካገኘሽ ግምቴ ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ በያጅ ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ጋልቫናይዝድ ማለት ብረት ላይ ዚንክ ለብሷል ማለት ነው። ዚንክ ቀለም አይደለም። ውሃ ሲመጣ ቀድሞ እሱ ይበላል፣ ብረቱ ይተርፋል። ትንሽ ጭረት ቢኖር እንኳ አጠገቡ ያለው ዚንክ ለጎረቤቱ ይከፍልለታል። ለዚህ ነው ሽቦው ላይ ነጭ ዱቄት ስታዪ መደንገጥ የሌለብሽ፤ ዚንኩ ሥራውን እየሠራ ነው። አሁን ሙቀቱን ተመልከቺ። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ብረት ለመቅለጥ ግን 1,500 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ቀልጦ ሳይያያዝ በፊት ዚንኩ ጭስ ሆኖ ሄዷል። ነጥቡ ዙሪያ የሚቀረው ራቁቱን የቆመ ብረት ነው፤ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ከዳር ያለው ዚንክ አይደርስለትም። ብርማው ቀለም ደግሞ የአሉሚኒየም ዱቄት ነው። ዝገቱን ከዓይን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም።

ያ ነጭ ጭስ ሰውም ይጥላል። ተለማማጅ ሳለሁ በዝግ ቤት ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ስበይድ ውዬ፣ ማታ እንደ ወባ አንቀጠቀጠኝ። ሁለት ጋቢ ተደርቦልኝ አልሞቅ አለኝ። ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ከጭሱ ጋር አያያይዘውም። ወተት ጠጣበት ይላሉ፤ ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም። ዚንክ የለበሰ ነገር በዝግ ቤት አትበይዱ።

መሀሉ የቆዘረው በሌላ ምክንያት ነው። የተሸመነ ሽቦ እንደ ነጠላ ድርና ማግ ነው፤ መስቀለኛው ላይ አልተበየደም። በየስንዝሩ አንድ ነጥብ ሲያዝ የተያዘችው አንዷ ሽቦ ብቻ ናት። ሌሎቹ እየተንሸራተቱ ይለቃሉ። ጠርዙ ሙሉ ለሙሉ መያዝ አለበት።

እንግዲህ ሰሌዳውን በሦስት ሰው አውርዱት፣ እግረኛ ከሥሩ እንዳያልፍ አድርጋችሁ። ነጥቦቹን በግራይንደር ቁረጡ። የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጣችሁ፣ ከቀሪው 2 ሳንቲም ያህል በፒንሳ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ የሾለ ጫፍ የሕፃን እጅና የሰው ነጠላ ይቀድዳል። ፍሬሙ ላይ ገና የሚበየድ ነገር ካለ ሽቦው ሳይመለስ አሁን ይጨረስ። የሚበየደው ቦታ ግራና ቀኝ ዚንኩን 3 ሳንቲም ያህል ሞርዱት፤ ስትሞርዱም ስትበይዱም ደጅ ላይ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊታችሁ በሚያርቅበት አቅጣጫ ቁሙ። ከዚያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሥታችሁ ዚንክ የበዛበትን ቀለም ሁለት እጅ ቀቡ።

ሽቦውን በፍሬሙና ባለ 30 በ3 ሚሊ በሆነ ጠፍጣፋ ብረት መሀል ሳንዱች አድርጉት። በትራፓኖ (በኤሌክትሪክ መብሻ) በየ15 ሳንቲሙ ብሱ፣ ቀዳዳውን ቀለም አስነኩት፣ በ6 ሚሊ ብሎን እሰሩ። ከእያንዳንዱ ጎን መሀል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘን ሂዱ፤ ከማዕዘን ከጀመራችሁ ትርፉ መሀል ላይ ተሰብስቦ እንደገና ይቆዝራል። ብሎን ስትገዙ ያቺን ቢጫ የምታብለጨልጭ ርካሽ እንዳትገዙ! ሽፋኗ ስስ ስለሆነ አንድ ክረምት አትዘልቅም፣ ዝገቷም ንጹሕ ሽቦ ላይ ይወርዳል። በደንብ ዚንክ የተነከረ ብሎን ደብዘዝ ያለና ሻከር ያለ ነው።

ፊደሎቹን ሽቦው አይሸከም። ከኋላ ሁለት አግዳሚ ጠፍጣፋ ብረት ከፍሬም ፍሬም ዘርጉና ፊደሎቹን እነሱ ላይ እሰሩ። መብራት ካስገባችሁ 12 ቮልት ይሁን፣ አዳፕተሩም ዝናብ የማያገኘው ሳጥን ውስጥ። በሽቦው ላይ ፖስተር አታስለጥፉ። ሽቦው ነፋስ ያሳልፋል፤ በወረቀት ከተሸፈነ ግን ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ፍሬሙ ቱቦላሬ ነው፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ውሃ ይጠራቀምበታል። ከታች በሁለቱ ማዕዘን ባለ 8 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። ስትበሱ የሚወጣውን ውሃ ተመልከቱት፤ ጥቁር ቡና ከመሰለ ፍሬሙ ከውስጥ መበላት ጀምሯልና በመዶሻ ቀስ ብላችሁ እየነካችሁ ፈትሹት። ድምፁ የደነቆረበትን ቦታ ቆርጣችሁ ቀይሩ፣ እሱንም ደጅ ላይ።